ኢንዱሮ ማክስ ኩሽኔታ በክረምት ጭቃ፦ የት ያዋጣል፣ የት አያዋጣም

ፉል ሰስፔንሽን (ከፊትም ከኋላም ሾክ ያለው) ብስክሌት ይዞ ክረምቱን ሙሉ ለሚነዳ ሰው ከጎማና ከፍሬን ሸራ ቀጥሎ ገንዘብ የሚበላው የመታጠፊያዎቹ፣ ማለትም የኋላው ክንድ ከፍሬሙ ጋር ተገናኝቶ ከፍ ዝቅ የሚልባቸው መጋጠሚያዎች፣ ኩሽኔታ ነው። የአሜሪካው ኢንዱሮ ኩባንያ «ማክስ» ብሎ የሚሸጠው ኩሽኔታ ለዚሁ ሥራ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ዋጋውም ከተራው ይበልጣል። ፍርዴን አላቆይም፦ ለዋናው መታጠፊያ ግዙት። ለተቀሩት ግን ጥሩ ጎሚኒ (ጎኑን የሚዘጋው ላስቲክ) ያለው ተራ ኩሽኔታ፣ ግራሶ ጢም ተደርጎ ከተሞላበት፣ ይበቃል።

ነገሩ ከሥራው ጸባይ ይጀምራል። የጎማ ኩሽኔታ ሙሉ ዙር ስለሚሽከረከር ኳሶቹ ግራሶውን እያዞሩ ራሳቸውን ይቀባሉ። የመታጠፊያ ኩሽኔታ ግን አይዞርም። ሾኩ እስከ መጨረሻው ቢታመቅ እንኳ ዋናው መታጠፊያ የሚንቀሳቀሰው 20 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከኋላ ጎማው አጠገብ ያለው ደግሞ ከዚያም በጣም ያንሳል። እያንዳንዱ ኳስ ዕድሜውን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ግራሶውን ወደ ጎን ይገፋዋል፣ የሚመልሰው የለም። ብረት ከብረት ሲገናኝ ቀለበቱ ላይ እኩል የተራራቁ ጉድጓዶች ይወጣሉ። ያረጀ ኩሽኔታ ፈታትታችሁ ብታዩ እነዚያን ቡናማ ጠባሳዎች መቁጠር ትችላላችሁ፤ ቁጥራቸው ከኳሶቹ ቁጥር ጋር አንድ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ባዶው ቦታ ነው። ተራ ኩሽኔታ የሚሠራው በደቂቃ ሺህ ጊዜ ለሚዞር ሞተር ስለሆነ ከፋብሪካ ሲወጣ ግራሶው የውስጡን ሲሶ ያህል ብቻ ይሞላል፤ ከዚያ በላይ ቢሆን ይግላል። መታጠፊያ ላይ ግን የሚያስግል ፍጥነት የለም፤ ባዶው ቦታ የውሃ ማደሪያ ከመሆን በቀር ጥቅም አይሰጥም። ፀሐይ ያሞቀው ፍሬም ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስበት ውስጥ ያለው አየር ይኮማተርና በጎሚኒው ከንፈር በኩል ውሃ ይስባል። የእንጦጦ ቀይ አፈር ደግሞ ደቃቅ ሸክላ ነው፤ ከውሃው ጋር ገብቶ ከግራሶው ጋር ከተቦካ በኋላ ሥራው መሞረድ ነው።

ማክስ እነዚህን ሁለቱን ነው የሚያጠቃው። ኳሶቹን እያራራቀ የሚይዘው ቀፎ ወጥቶ ቦታው በኳስ ተሞልቷል። ኩባንያው እንደሚለው በዚህ ምክንያት ተመሳሳይ ልክ ካለው ባለቀፎ ኩሽኔታ ከ35 እስከ 40 በመቶ የበለጠ ጭነት ይሸከማል። ለጭቃ ነጂ ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅመው ሌላ ነው፦ ክብደቱ ለብዙ ኳስ ስለሚከፋፈል ጉድጓዱ ቶሎ አይወጣም፣ ውሃ የሚተኛበት ባዶ ቦታም ይጠባል። ጎሚኒው «ኤልኤልዩ» የሚባለው፣ የውስጡን ቀለበት በደንብ የሚነካው ዓይነት ነው። ሲዞር ከበድ ይላል፤ ለመታጠፊያ ይህ ጉድለት አይደለም። ለፍጥነት የተሠራው «ኤልኤልቢ» ቀለል ብሎ ይዞራል፤ ቀለል ያለበት ምክንያት ግን ጎሚኒው ቀለበቱን አጥብቆ ስለማይነካ ነው፤ ጭቃም በዚያው በኩል ቶሎ ይገባል።

ጉድለቱን አለመናገር ግን ማጭበርበር ነው። ቀፎ ስለሌለ ኳሶቹ እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ ስለዚህ ማክስን ጎማ ውስጥ አታስገቡት። ኳሶቹ የገቡበት ጎድጎድ ያለ መግቢያ ጎኑ ላይ ስላለ የጎን ግፊት ላይ ደካማ ነው። ብስክሌታችሁ በመታጠፊያው ላይ የጎን ግፊት የሚችለውን አንግላዊ ኩሽኔታ ይዞ ከመጣ፣ ልኩ ቢገጥም እንኳ በማክስ አትተኩት። ብረቱም ያው 52100 የሚባለው ክሮም ብረት ነው፤ ይዝጋል። ጥቁር ኦክሳይድ የተቀባው ዓይነት ዝገቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

የት ይግባ? ከፔዳሉ ዘንግ በላይ ወይም በስተኋላ ያለው ዋናው መታጠፊያ ላይ። የኋላ ጎማ የሚረጨው ጭቃ በቀጥታ የሚያርፈው እዚያ ነው፣ የኋላው ክንድ የሚጠመዝዘውም እሱን ነው። እዚያ ብዙ ጊዜ የሚገኙት 6902 (ቀዳዳው 15፣ ውጩ 28፣ ስፋቱ 7 ሚሊሜትር) ወይም 6903 (17 በ30 በ7) ናቸው። ላይኛው ሊንክ (ክንዱን ከሾኩ ጋር የሚያገናኘው ቁራጭ) ላይ ጭቃው ይቀንሳል፤ እዚያ 6900 ወይም 6901 ተራ 2 አርኤስ (በሁለቱም ጎን ጎሚኒ ያለው) በቂ ነው።

የማይዝግ ብረት ኩሽኔታ የተሻለ ይመስላል፤ 440ሲ የሚባለው ግን ከክሮሙ ብረት ትንሽ ይለሰልሳል፣ ጉድጓዱ ቶሎ ይወጣበታል። ሴራሚክ ኳስ ደግሞ ኳሱ ባይዝግም ቀለበቱ ይዝጋል፤ ብራችሁን አታባክኑ። በብረት ክዳን የተዘጋውን ዜድዜድ በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

መርካቶ ስትሄዱ ቁጥሩን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ለሞተርና ለዲናሞ የሚሆነው ባለ 62 ተከታታይ በየሱቁ ይኖራል፤ ቀጭኑ 68 እና 69 ግን ሁሉም አይዘውም። ሻጩ «ያው ነው» ብሎ 6002ን በ6902 ፋንታ ቢሰጣችሁ የውስጡ ቀዳዳ 15 ሚሊሜትር ሆኖ ይገጥማል፤ ውጩ ግን 32 ነው፣ አይገባም። አንዳንድ ፍሬም ላይ ደግሞ የውስጡ ቀለበት ከውጩ ሰፍቶ ይወጣል፤ የሁለቱንም ስፋት ለየብቻ በካሊፐር ለኩ። የታወቀ ስም ተቀርጾበት በሚያስገርም ርካሽ ዋጋ የሚሸጥ ካጋጠማችሁ ጠርጥሩ፤ የሐሰት ኩሽኔታ የዓለም ሁሉ ችግር ነው። የስዊድኑ ኩሽኔታ አምራች ኤስኬኤፍ ፎቶ ተልኮለት እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለይበት የስልክ መተግበሪያ አለው።

አሁን ወደ ግራሶው። አዲሱን ተራ ኩሽኔታ ከመግጠማችሁ በፊት ቀጭን የምላጭ ጫፍ በጎሚኒው የውስጥ ጠርዝ በኩል አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ አንሱ። በውጩ ጠርዝ ከገፋችሁ ይታጠፋል፣ ዳግም አይዘጋም። በነጭ ጋዝ እጠቡት፣ በደንብ ይድረቅ፤ በአየር ግፊት እያሽከረከራችሁ አታድርቁት፤ ቀለበቱንና ኳሱን ይጭራል። ማጠቡ ለምን አስፈለገ? የፋብሪካው ግራሶ ፖሊዩሪያ ከሆነና የእናንተው ሊቲየም ከሆነ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሊቀጥኑና ሊፈሱ ይችላሉ። ለጭቃ የሚመረጠው ቁጥር 2 ውፍረት ያለው ካልሲየም ሰልፎኔት ነው፤ ካልተገኘ ለጀልባ የሚሸጠው ውሃ የማያጥበው ግራሶ። በጣት እየገፋችሁ በሌላው ጎን እስኪወጣ ሙሉት፣ ጎሚኒውን መልሱ፣ የተረፈውን ጥረጉ። ማክስ የገዛም ቢሆን አንዱን ጎሚኒ አንስቶ መሙላቱን ይይ።

አሮጌውን ስታወጡ ሮንዴላዎቹ የተደረደሩበትን ቅደም ተከተል አስቀድማችሁ ፎቶ አንሱ። አልሙኒየም ፍሬም ላይ እምቢ ካለ በፈላ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ዙሪያውን ያዙበት፤ ካርቦን ላይ እሳት አይታሰብም። አዲሱን አንድ ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት፤ የሚጠብበት በመቶኛ ሚሊሜትር የሚቆጠር ነው፣ ግን ያግዛል። ለመግፋት ሙሉ ጥርስ ያለው 10 ሚሊሜትር ዘንግ፣ ሁለት ዳዶና ከውጩ ቀለበት ግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ቡሶላ ይበቃል፤ ለ28 ሚሊሜትር ኩሽኔታ 27.5 ማለት ነው። ግፊቱ ውጩ ቀለበት ላይ ብቻ ይረፍ። የውስጡን ቀለበት በመዶሻ የመታ ሰው ገና ሳይነዳ ጉድጓዶቹን አውጥቷቸዋል። ኩሽኔታው በጣት ግፊት ብቻ ከገባ የፍሬሙ ማረፊያ ሰፍቷል፤ በአልኮል አጽድታችሁ ሎክታይት 641 የሚባለውን የኩሽኔታ ማጣበቂያ ቀቡ። ዘንጉን ግራሶ፣ ጥርሱን ብሎን እንዳይፈታ የሚይዘውን ሎክታይት 243 ቀቡ፤ ሁለቱን አታቀላቅሉ። ብሎኑ ላይ የተጻፈውን የኒውተን ሜትር ቁጥር በቶርክ ቁልፍ አክብሩ።

ምርመራው ቀላል ነው። የሾኩን የታች ብሎን ፈትታችሁ ጎማውን አውጡና የኋላውን ክንድ በእጃችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉት። በራሱ ክብደት ያለ መንገጫገጭ መውረድ አለበት። ከዚያ ጎማውን መልሳችሁ ከላይ በጎን ግፉ፣ ሌላ እጃችሁን መታጠፊያው ላይ አድርጉ፤ ጎማው ተንቀሳቅሶ ክንዱ ካልተንቀሳቀሰ ጥፋቱ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ፍሬሙን አትፍቱ። ይህን ሰኔ ላይ፣ ነሐሴ አጋማሽና መስከረም ላይ አድርጉት። ላቫጆ ወስዳችሁ የግፊት ውሃ መታጠፊያው ላይ እንዲያዞሩበት አትፍቀዱ፤ የትኛውም ጎሚኒ ያንን አይችልም። በባልዲና በስፖንጅ ይታጠብ።

የአሜሪካው ብስክሌት አምራች ሳንታ ክሩዝ ለመጀመሪያው ገዢ የመታጠፊያ ኩሽኔታ ዕድሜ ልክ በነጻ ይተካል፤ ታችኛው ሊንኩም ግራሶ የሚገፋበት ቀዳዳ አለው። ከውጭ በሁለተኛ እጅ የመጣ ሳንታ ክሩዝ የምትገዙ ከሆነ ነጻ ምትኩ ለእናንተ አይሆንም፤ ቀዳዳው ግን ይጠቅማችኋል። ሌላ ሁለተኛ እጅ ብስክሌት ስትገዙ ሁሉ የመታጠፊያዎቹን ሙሉ ኩሽኔታ ዋጋ ከድርድሩ ላይ ቀንሱ።