ጋሽ ቪንን እናመስግን፤ ላልሰማችኋቸውም ጥቆማ

እኛ ቤት ስማቸው ጋሽ ቪን ነበር። ቪን ስካሊ፤ ዶጀርስ የተባለውን የአሜሪካ ቡድን የቤዝቦል ጨዋታ ለ67 የውድድር ዘመን ያስተላለፉ ሰው። በ1950 ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ጀመሩ፣ ቡድኑ በ1958 ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር አብረው መጡ፣ ማይክራፎኑን ያስረከቡት በ2016 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)።

አባቴ ታክሲ ይነዳ ነበር። እራት ቀርቦ ሲዘገይ እናቴ «ሂድ ጥራው» ትለኛለች። ስወርድ ደጃፉ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሬዲዮኑን ብቻ ከፍቶ ቁጭ ብሏል። «ግባ፣ ይቺ ኢኒንግ ትለቅ» ይለኛል፤ ከኪሱም ቆሎ ያፍስልኛል። ያቺ ኢኒንግ (ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ ዙሮች አንዷ) ታልቅና ሌላዋ ትጀምራለች። እንጀራው ይደርቃል፣ እናቴ ሁለታችንንም ትቆጣለች።

አባቴ አዲስ አበባ ደምሴ ዳምጤን እየሰማ የኖረ ሰው ስለሆነ በስፖርት ጋዜጠኛ በቀላሉ አይረካም። «ደምሴ ከመቀመጫህ ያስነሳሃል፤ እኚህ ደግሞ አጠገብህ ተቀምጠው ያወጉሃል» ይል ነበር። እውነቱን ነው። ጋሽ ቪን አብዛኛውን ጊዜ ብቻቸውን ስለሚያስተላልፉ ወሬያቸው ከአድማጩ ጋር ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ስታዲየም ገብቶ እንኳ ትንሿን ሬዲዮ ጆሮው ላይ ይለጥፍ ነበር፤ በዓይኑ ያየውን ከሳቸው አፍ ካልሰማ አይጥመውም።

ዝም ማለትም ያውቁበታል። ኤፕሪል 8 ቀን 1974 አትላንታ ላይ የአትላንታው ተጫዋች ሀንክ አሮን 715ኛውን ሆም ራን (ኳሷን አጥር የሚያሻግር ምት) መትቶ የቀድሞውን ኮከብ የቤብ ሩዝን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ሕዝቡ ጮኾ እስኪወጣለት ጠበቁት። ከዚያ ነው በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ ለአንድ ጥቁር ሰው እያጨበጨበ መሆኑን የተናገሩት። አባቴ ቅጂውን ባሰማኝ ቁጥር እዚያ ላይ ሲደርስ ድምፁን ይጨምራል።

ለማታውቋቸው የምጠቁመው ግን የሴፕቴምበር 9 ቀን 1965ን ዘጠነኛ ኢኒንግ ነው። የዶጀርሱ ኳስ ወርዋሪ ሳንዲ ኮፋክስ ከተጋጣሚው ቡድን አንድም ሰው ቤዝ (መቺው ሮጦ የሚረግጠው ማረፊያ) ሳያስረግጥ ጨዋታውን ሊጨርስ ጥቂት ቀርቶታል። ጋሽ ቪን እጁን ሱሪው ላይ ሲያደርቅ፣ ግንባሩን ሲጠርግ ይነግሯችኋል። ሰዓቱንም ደጋግመው ይጠራሉ፤ ቅጂው ለኮፋክስ ማስታወሻ ይሆነዋል ብለው ነው። መጨረሻው 9:46 ላይ ነው፤ አባቴ ሁሌም «ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ46» እያለ ወደ እኛ ይመልሰዋል። ቤዝቦል አንድም ነገር የማይገባው ሰው እንኳ እዚህ ላይ ትንፋሹን ይይዛል። ኢንተርኔት ላይ አለ፣ ፈልጉት። እንግሊዝኛ እየተማራችሁ ያላችሁማ በተለይ ስሙት፤ ንግግራቸው የጠራና የማይቸኩል ነው።

ጋሽ ቪን ኦገስት 2 ቀን 2022 በ94 ዓመታቸው አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር። አባቴን የሰው አገር ስላስለመዱልን፣ እኔንም ከአባቴ ጎን ስላስቀመጡኝ እግዜር ይስጥልን። ያን ዘጠነኛ ኢኒንግ ከልጆቻችሁ ጋር መኪና ውስጥ ብትሰሙት ደስ ይለኛል፤ ሞተሩን አጥፍታችሁ።