የግል መስኖ ግድብ ደህንነት ፍተሻ ኮምቦልቻ ላይ፦ ልኬቱ ደህና፣ ደረጃው ስህተት

ለመስክ ሥራው ከአምስት አራት፣ ለአደጋ ደረጃ ምደባው ከአምስት አንድ።

በኮምቦልቻ ዙሪያ ለግል ግድብ ባለቤቶች የሚሰጥ አገልግሎት ነው። መሐንዲስና ቀያሽ ይመጣሉ፣ ይለካሉ፣ ሪፖርት ያስረክባሉ። እዚህ የታየው 6 ሜትር ከፍታ ያለውና 50,000 ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ የአፈር ግድብ ሪፖርት ነው።

የግድቡን አናት በሌቭል (የከፍታ ልዩነት በሚለካ መሣሪያ) ለክተው የሰመጠውን ቦታ ለይተዋል፤ ጎርፍ መጀመሪያ የሚሻገረው በዚያ ነውና ጥሩ አድርገዋል። ተዳፋቱ ላይ የበቀለው ባሕር ዛፍ ሥሩ በስብሶ የውሃ መንገድ እንደሚከፍት፣ የፍልፈል ጉድጓድም እንዲሁ እንደሆነ ጽፈዋል። ስርገቱን፣ ማለትም በግድቡ ውስጥ አልፎ የሚወጣውን ውሃ፣ የለኩት ውሃው በ90 ዲግሪ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ባለው ክፍተት እንዲፈስ በሚያደርግ መለኪያ ነው። በዚህ መለኪያ 5 ሴንቲ ሜትር የውሃ ከፍታ ማለት በሰከንድ 0.8 ሊትር ገደማ ሲሆን 10 ሴንቲ ሜትር ግን 4.4 ሊትር ይሆናል፤ ንባቡ ትንሽ ቢዛባ ውጤቱ ብዙ ይዛባል። የውሃውን መልክ አለመመዝገባቸው ግን ያስቆጫል፤ ድፍርስ ከሆነ ግድቡ ከውስጥ አፈሩ እየተበላ ነው።

ደረጃው ላይ ሲደርሱ ነገሩ ተበላሸ። «ግድቡ ትንሽና በደንብ የተጠቀጠቀ ስለሆነ ዝቅተኛ» ይላል። የአደጋ ደረጃ የሚወጣው ግድቡ ቢፈርስ ከታች ማን ይጎዳል ተብሎ ነው፤ ጥንካሬው ሌላ ጥያቄ ነው። የባለቤቱ ማሳ ብቻ ከሆነ ዝቅተኛ፣ መንገድና ድልድይ ከሆነ መካከለኛ፣ የሰው ሕይወት የሚያልፍ ከሆነ ከፍተኛ ይባላል። ግድብ ሲፈርስ የሚለቀውን ከፍተኛ ፍሰት በሚገምተው የፍሮሊክ ቀመር ሲሰላ ይህ «ትንሽ» ግድብ ሲናድ በሰከንድ 136 ሜትር ኩብ ገደማ ሊለቅ ይችላል። ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወርድ ጠባብ ሸለቆ ዳር ላለ ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። ከተማዋም እየሰፋች ናት፤ ዛሬ ማሽላ ያለበት ቦታ ከዓመታት በኋላ መኖሪያ ቢሆን ግድቡ ሳይነካ ደረጃው ይወጣል። ሪፖርቱ ምደባው መቼ እንደገና እንደሚታይ አይናገርም።

የደረጃው ስህተት የማስተንፈሻውን (ትርፍ ጎርፍ የሚወጣበትን መንገድ) ችግርም ሸፍኖታል። 4 ሜትር ስፋቱን «በቂ» ብለው ያለ ስሌት አልፈውታል። ተፋሰሱ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ዘንቦ ግማሹ ቢወርድ በሰከንድ 8.3 ሜትር ኩብ ይመጣል። ማስተንፈሻው ግን በ60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የሚያሳልፈው በሰከንድ 3.2 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ይህን ጎርፍ ለማሳለፍ 10.5 ሜትር ገደማ ስፋት ይፈልጋል፤ ደረጃው ከፍ ካለ ደግሞ ሊታሰብ የሚገባው ጎርፍ ከዚህም ይበልጣል።

የመውጫ ቱቦውም ተረስቷል። በቱቦ ዙሪያ አፈር በደንብ ስለማይጠቀጠቅ ውሃ በዚያ ይሾልካል፤ በታችኛው ተዳፋት በኩል ውሃውን አሳልፎ አፈሩን የሚይዝ የአሸዋ ማጣሪያ መኖሩን መጠየቅ ነበረባቸው። ፍተሻው የተደረገው በጥር ስለሆነ የመረሬው (ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ጥቁር አፈር) ስንጥቅ ታይቷል፤ ስርገቱ ግን ግድቡ ሞልቶ በነሐሴ እንደገና መለካት አለበት። ቀሪው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የማስተንፈሻው ስሌት፣ ውሃው የሚደርስበት ካርታና ከታች ያሉ ቤቶች የሚጠሩበት ስልክ ዝርዝር ይጠየቅ።