ሁሉም ኩዚን ይወዳል፣ «ኩዚ ጉኒ»ን የተሸከመው ግን ጉኒ ነው

ጎንደር ውስጥ የቱርኩ ድራማ የ«ኩዚ ጉኒ» ጨዋታ ከተነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ኩዚ ነው። ቁመቱ፣ ዐይኑ፣ ቁጣው፣ ለጓደኛው ያለው ታማኝነት። እኔ ግን ማራኪ ሰፈር ባለው ዳቦ ቤቴ ከደንበኞቼ ጋር ሁሌ የምከራከርለት ሌላ ሰው ነው፤ ጉኒን ሆኖ የተጫወተው ቡራ ጉልሶይ። ዘንድሮ ታናሽ ወንድሜ ከፒያሳ በፍላሽ አስጭኖ አመጣልኝና ድራማውን ከመጀመሪያው እንደገና አይቼ ጨረስሁት። ሐሳቤ ጭራሽ ጠነከረ።

ላላያችሁት ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ኩዚና ጉኒ ኢስታንቡል ውስጥ ዳቦ ቤት ያለው የሳሚ ልጆች ናቸው። ጉኒ መኪና ሲነዳ ሰው ገጭቶ ይገድላል፤ ኩዚ ጥፋቱን በራሱ ላይ ወስዶ አራት ዓመት ይታሰራል። ሲፈታ የሚወዳት ጀምሬ የወንድሙ ሆና ትጠብቀዋለች። ድራማው በቱርክ ካናል ዲ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 በ80 ክፍል የተላለፈ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭቱን ሲጀምር በአማርኛ ድምፅ ካሳየን የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱም እሱ ነበር።

ጉኒን መጥላት ቀላል ነው። ወንድሙ በሱ ፈንታ ታስሯል፣ እሱ ትምህርቱን ጨርሷል። ወንድሙ የሚወዳትን ልጅ ይዟል፤ እሷንም ቢሆን የሀብታም ልጅ ባኑ ሲናኔርን ሲያገኝ ይተዋታል። እንዲህ ያለ ሰው በእኛ ድራማ ውስጥ ቢገባ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ዐይኑን እያጉረጠረጠ ነው የሚያወራው፤ ሙዚቃውም ክፉ መሆኑን ቀድሞ ይነግረናል። ቡራ ጉልሶይ ግን የሚጮኸው ከስንት አንዴ ነው። ሊዋሽ ሲል ትንሽ ዝም ይላል፣ ምራቁን ይውጣል፣ ከዚያ የሰውየውን ዐይን እያየ ይናገራል። ውሸቱን ለራሱም እያሳመነ እንደሆነ ታያላችሁ። አባቱ ፊት ሲቆም ደግሞ ትከሻው ይወርዳል። ቢሮው ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚራመደው ሰው ቤት ሲገባ ልጅ ይሆናል። ይሄን ደራሲ በወረቀት ላይ ሊሰጠው አይችልም፤ ከራሱ ያመጣው ነው።

ደግሞ ምክንያት አለው። ጉኒ ዕድሜውን ሙሉ የሚሸሸው ከዚያ ዳቦ ቤት ነው። የአባቱን ኑሮ መድገም ያስፈራዋል፤ ፍርሃቱ እያደገ ሄዶ ክፋት ይሆናል። ዱቄት ተሸክመው ያደጉ፣ ከዚያ ዱቄቱን ከልብሳቸው አራግፈው የሄዱና ወደ ሰፈር ሲመለሱ የዳቦ ቤቱን በር እንዳላዩ የሚያልፉ ልጆች አውቃለሁ። ጉኒን ሳይ እነሱን አያለሁ። ለዚህ ነው ልጠላው ፈልጌ የሚያቅተኝ።

ጠዋት ጠዋት ዳቦ የሚወስዱ አንዲት እማማ አሉ። ግድግዳው ላይ ባለው ቴሌቪዥን ጉኒ ብቅ ባለ ቁጥር «አንች ልጅ፣ ይሄን ከይሲ አጥፊልኝ!» ይላሉ። እኔም «እማማ፣ እንዲህ እንዲጠሉት ያደረገዎት እኮ የልጁ ችሎታ ነው» እላቸዋለሁ። «ችሎታውን ለደግ ነገር ያውለዋ!» ብለው ዳቧቸውን በፌስታል ይዘው ይወጣሉ። እማማን አልፈርድባቸውም፤ ተዋናዩንና የሚጫወተውን ሰው መለየት ድራማው ሲሞቅ ለሁላችንም ይከብደናል። ግን ሽልማቱም ፍቅሩም ሁልጊዜ ለመልካሙ ሰው ብቻ ሲሄድ ያሳዝነኛል።

የእኛው «ሰው ለሰው» ይሄን ያስተማረኝ ከቱርኮቹ በፊት ነው። ያኔ አገር ምድሩ በኢቲቪ ፊት ሲሰበሰብ ማንን ሊያይ ነበር? ክፉውን ሰው፣ አስናቀን። አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ ሲቀመጥ፣ ሲስቅ፣ ሰው ሲያስፈራራ፣ በዚያ ረጋ ባለ ድምፁ ቤቱን ሁሉ ዝም ያሰኝ ነበር። መልካሞቹን ገጸ ባሕርያት ዛሬ ብትጠይቁኝ ስማቸውን አስቤ ነው የምነግራችሁ፤ አስናቀ ግን ሳይጠራ ይመጣል። ሰውን የሚያስጠላ ገጸ ባሕርይ አምኖ የሚሠራ ተዋናይ ካለ ድራማው ይቆማል፤ እሱ ከሌለ ምንም ያህል ቆንጆ ወጣቶች ቢሰለፉ ይፈርሳል። በኋላ በእኛ ጣቢያዎች የመጡ ብዙ ተከታታዮች የደከሙብኝ እዚህ ላይ ነው። ክፉው ሰው ለምን ክፉ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

አሁን ወደ ሳሚ። የሚጫወተው ሙስጠፋ አቭኪራን ይባላል፣ ከቲያትር መድረክ የመጣ ሰው ነው፤ ያስታውቃልም። ዳቦ ጋጋሪን በቴሌቪዥን ሳይ መጀመሪያ የማየው እጁን ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ ሊጥ የሚያቦካ ሰው ቀን ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ፤ ወገቡ ቀድሞ ወንበሩን ይፈልጋል፣ እጁ ጭኑ ላይ ይወድቃል። ሳሚ እንደዚያ ነው የሚቀመጠው። ቁጡ ነው፣ እጁም ወደ ልጆቹ ይሰነዘራል፣ ሚስቱን ሃንዳንን ያስለቅሳል። ግን ድካሙን ስለማየው ቁጣው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ልጆቹን ይወዳቸዋል፤ መናገር ነው ያልቻለው። አባቴም እንደዚያ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ሳሚና ጉኒ ብቻቸውን የሚሆኑባቸው ትዕይንቶች ለእኔ ከፍቅሩ ታሪክ ሁሉ ይበልጣሉ።

ኩዚን ረስቼው አይደለም። እሱን የተጫወተው ኪቫንች ታትሊቱ ሞዴል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የዓለም ምርጥ ሞዴል ተብሎ ተሸልሟል። እንደዚያ ያለ ሰው መልኩን ብቻ ይዞ መኖር ይችል ነበር። እዚህ ግን ፀጉሩን አሳጥሮ፣ ድምፁን አሻክሮ፣ ጉልበት ብቻ የቀረው እስረኛ ሆኖ መጣ። የሰፈራችን ጎረምሶች ተከትለውት ፀጉራቸውን አስቆረጡ። ከእስር በወጣ ሰሞን ቤት ውስጥ የት እንደሚቀመጥ የጠፋው ሰው የሚመስልበት አኳኋን ግሩም ነው። ከጓደኛው ከአሊ ጋር ሲሆን ደግሞ ይስቃል፣ ይቀልዳል፣ ሌላ ሰው ይሆናል፤ አሊን የተጫወተው ሪዛ ኮጃኦሉም ድርሻውን በደንብ ተወጥቷል። መሀል ላይ ግን የኩዚ ቁጣ አንድ ዓይነት እየሆነ ይሄዳል። ጥርሱን ነከሰ፣ በሩን ወረወረ፣ ወጣ። ቀጥሎ የሚያደርገውን አስቀድሜ ስናገር ወንድሜ እየተናደደ «ልቀቂኝ» ይለኛል።

ጀምሬን የምትጫወተው ኦይኩ ካራዬል ጎበዝ ናት፣ ፊቷ ላይ ብዙ ነገር ይነበባል። የበደሏት ደራሲዎቹ ናቸው፤ ስንት ክፍል ሙሉ በሁለት ወንድማማቾች መሀል አቁመው አስለቀሷት። እናቷን ጉልተንን የምትጫወተው ዘሪን ተኪንዶር ግን ብቅ ባለች ቁጥር ቤቱን ትሞላዋለች።

ስለ አማርኛው ድምፅ ሳልናገር ባልፍ በደል ይሆናል። የኩዚ ድምፅ ተመርጦ የተሰጠ ነው፤ ሻካራነቱም ድካሙም አለው። የጉኒም ጥሩ ነው፤ ያቺ ከውሸት በፊት ያለች ዝምታ በአማርኛውም አልጠፋችም። ይሄ ቀላል ሥራ አይደለም፤ የሌላ ሰው አፍ ሲከፈት መክፈት፣ ሲዘጋ መዝጋት፣ ማልቀሱንም በሱ ልክ ማልቀስ ነው። እነዚያን ባለሙያዎች ሰው ሁሉ በድምፅ ያውቃቸዋል፣ ስማቸውን የሚጠራ ግን ሰፈራችን ውስጥ አላገኘሁም። ቅር የሚለኝ አነስተኛ ሚና ያላቸው ሰዎች ጋ ነው። አንዱን ድምፅ ዛሬ ፖሊስ ሆኖ፣ ነገ ጎረቤት ሆኖ ትሰሙታላችሁ። የጀርባው ድምፅም ይሳሳል፤ ዳቦ ቤቱ ሥራ ላይ እያለ ጸጥ ሲል ለእኔ ዓይነቷ ይታወቃታል።

ሌላው ርዝመቱ ነው። የቱርክ ድራማ በአገሩ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚታየው፤ አንዱ ክፍል ብቻውን ፊልም ያህላል። ወደ ውጭ ሲሸጥ በአጫጭሩ ይከፋፈላል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ንግግር ገና ሳይጠናቀቅ ክፍሉ ያልቃል፤ ነገ ደግሞ ከመሀል ይጀምራል። ዐይን ለዐይን መተያየቱና ሙዚቃው የሚበዛውም ያንን ረጅም ሰዓት ለመሙላት ይመስለኛል። በፍላሽ ሲታይ ይሻላል፣ የላላውን ማሳለፍ ይቻላል።

ቃና ሲመጣ የኪነ ጥበብ ማኅበራት ተቃውመው እንደነበር አስታውሳለሁ። ሥጋታቸው እውነት ነበረው፤ ምሽታችን በሙሉ የሌላ አገር ታሪክ ሆኖ ነበር። እኔ የምፈልገው ግን የቱርኩ እንዲቀር ሳይሆን የእኛዎቹ እንደ ጉኒ ያለ ሰው እንዲጽፉልን ነው። አበበ ባልቻን የመሰለ ተዋናይ ያለበት አገር ይሄ አይከብደውም።

ልታዩት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች አንዲትም ሳትዘሉ እዩ፤ የወንድማማቾቹ ነገር ሁሉ እዚያ ነው የተጠነሰሰው። ባኑ ከገባች በኋላ ያለው የኩባንያ ሽኩቻ ይረዝማል፣ እዚያ ላይ ትንሽ ብታሳልፉ አትጎዱም። ሳሚ ያለበትን ግን አትዝለሉ። ጉኒ ሲናገርም ከንፈሩን ትታችሁ ዐይኑን ተመልከቱ።