ኳርትዝ፣ ግራናይት ወይስ እምነበረድ? ለኩሽናና ለመታጠቢያ ቤት

ሦስቱም ካቢኔት ላይ የሚነጠፉ ድንጋዮች መሸጫው ውስጥ ተወልውለው ሲታዩ ያምራሉ። ልዩነታቸው የሚታወቀው ወጥ ሲሠራባቸው ነው።

ኳርትዝ በፋብሪካ የሚሠራ ነው፤ 90 ከመቶ ገደማው የተፈጨ ድንጋይ ሲሆን ቀሪው ሬዚን (እንደ ፕላስቲክ የሚደርቅ ማጣበቂያ) እና ቀለም ነው። ሬዚኑ ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን ዘይትም ቡናም አይሰርግበትም፣ ማሸጊያ ፈሳሽ መቀባትም አያስፈልገውም። እርድ ከፈሰሰበት ግን፣ በተለይ ነጩን፣ ሳይውል ሳያድር መጥረግ ነው። ድክመቱም ከዚያው ሬዚን ይመጣል፤ ሙቀቱ ከ150 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ቀለሙ ይለወጣል ወይም ድንጋዩ ይሰነጠቃል። የቃጠሎው ምልክት ታጥቦ አይለቅም። ስለዚህ ከእሳት የወረደ ድስት ማሳረፊያ፣ ጀበናም ማቶት ይፈልጋል። ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው በረንዳ ላይም አይሠራ፤ ይወይባል።

ግራናይት ትኩስ ድስት ይችላል፣ ግን ፈሳሽ ይመጥጣል፤ ፈካ ያለው ቀለም ደግሞ ከጥቁሩ ይበልጥ ያሳብቃል። ውሃ ጠብ አድርገው 15 ደቂቃ ይቆዩ፤ ሥሩ ከጠቆረ ማሸጊያው እንደገና መቀባት አለበት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ኩሽና ውስጥ ለሚጋገርበት ቤት የእኛ ምርጫ ከምድጃው በኩል ግራናይት፣ ከሲንኩ በኩል ኳርትዝ ነው። ውፍረታቸው እኩል መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ።

እምነበረድ፣ የቤኒሻንጉሉን ነጭ ዳለቲ ጨምሮ፣ ለኩሽና አይመከርም። ሎሚ፣ ኮምጣጤና ቲማቲም ልስላሴውን በልተው ያደበዝዙታል፤ ማሸጊያ ቢቀባም ይህን አያስቀርም። መታጠቢያ ቤት ውስጥ አሲድ ያለበት ማጽጃ እስካልነካው ድረስ ያገለግላል። እዚያ ግን ኳርትዝ ይሻላል፤ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል። የጋለ የፀጉር መተኮሻ ብቻ አይጋደምበት።

ሲገዙ ውፍረቱን ከጠርዙ ሳይሆን ለሲንክ ከሚቆረጠው ቀዳዳ ላይ ይለኩ፤ 20 ሚሊ ሜትሩ ጠርዙ ላይ ተደርቦ 40 መስሎ ይሸጣል። የቀዳዳው ማዕዘኖች ክብ ይሁኑ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከሹል ማዕዘን ነው። ልኬት የሚወሰደው ካቢኔቱ ተገጥሞ በውሃ ልክ ከተስተካከለ በኋላ ነው። የ20 ሚሊ ሜትሩ አንድ ካሬ ሜትር ወደ 50 ኪሎ ስለሚጠጋ ያዘነበለ ካቢኔት ላይ ከተጫነ ይሰበራል።

ቆረጣው በውሃ፣ በወርክሾፕ ይሁን። የኳርትዝ አቧራ ሲሊካ የተባለ ማዕድን ስላለው የቆራጩን ሳንባ ይጎዳል፤ አውስትራሊያ በ2024 እ.ኤ.አ. በፋብሪካ የሚሠራውን ኳርትዝ የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው። ቤትዎ መጥቶ በደረቁ ሊቆርጥ የሚነሣ ካለ ያስቁሙት።