አሬራ የገባበት ዳቦ፦ በዊክሎ ተራሮች ሥር ያለች አንዲት ካፌ

ይህችን ካፌ ሁለት ጊዜ ሄጄባታለሁ፤ አንዴ በፍልሰታ፣ አንዴ ከእንቁጣጣሽ በኋላ። ሁለቱንም ጊዜ በሳይክል ነው የሄድኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ዝናብ ደብድቦኛል። ስሟን አልጽፍም። ከታች የማነሣቸው ቅሬታዎች ስላሉኝ የሰው እንጀራ ውስጥ መግባት አልፈልግም። አየርላንድ ውስጥ፣ ከደብሊን በስተደቡብ፣ በዊክሎ ተራሮች ሥር፣ ከላራ መንደር ብዙም ካልራቁት መንደሮች በአንዱ ናት ካልኩ ይበቃል።

መንገዱን ትቼ ምግቡን ብቻ ባወራ ግን ግምገማው ግማሽ ውሸት ይሆናል። እዚያ ቤት የጠጣሁትን ሾርባ በመኪና ሄጄ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አላሞግሰውም ነበር።

መንገዱ ከደብሊን ዳርቻ፣ ከራትፋርናም ተነሥቶ፣ ተራራውን አቋርጦ ላራ የሚወርደው አር 115 (R115) ነው። የአገሩ ሰው ሚሊታሪ ሮድ ይለዋል፣ የወታደር መንገድ። በፈረንጆቹ 1798 አየርላንዳውያን በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ካመፁ በኋላ፣ ማይክል ድዋየርን የመሰሉ ሸማቂዎች እዚህ ተራራ ውስጥ ገብተው አልያዝ አሉ። የእንግሊዝ ጦር እነሱን ለመያዝ ብሎ ከ1800 እስከ 1809 ድረስ ይህን መንገድ ጠረገ። ለሽፍታ አደን የተሠራው መንገድ ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠባብ ቁምጣ የለበሰ ሳይክለኛ ይርመሰመስበታል።

አብረውኝ የሚነዱት ጋሼ ናቸው። ሃምሳዎቹን አጋምሰዋል፤ ያደጉት ባሕር ዳር ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ ሳይክል ማለት እግር ማለት ነው። “እኛ አገር ዳገት ሲባል ቤዛዊት ነበር” ይላሉ፣ ዳገት በጀመርን ቁጥር። ከዚያ ዝም ይላሉ። ዝም ካሉ ትንፋሽ እያጠራቸው መሆኑን አውቃለሁ፣ እኔም ዝም እላለሁ።

ሳሊ ጋፕ የሚባለው መስቀለኛ መንገድ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ አዲስ አበባ ላይ ላደገ ሰው ቁጥሩ ያስቃል፤ እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ። ሳቄ ኪላኪ የሚባለው ዳገት ላይ አለቀ። ደብሊን የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ ስለዚህ አንድም ሜትር በነፃ አይገኝም፣ ሁሉንም በራስ ጉልበት መውጣት ነው። ከላይ ስትደርሱ ዛፍ የሚባል የለም። ግራና ቀኙ ለሺህ ዓመታት ሣርና ቅጠል የበሰበሰበት ጥቁር ረግረግ ነው፤ የአገሩ ሰው በጡብ መልክ እየቆረጠ ያደርቀውና እንደ ኩበት ያነደዋል። የሊፊ ወንዝ የሚነሣውም እዚሁ ከኪፑር ተራራ አጠገብ ነው። ደብሊን መሀል በኦኮነል ድልድይ ሥር የሚያልፈውን ያንን ሰፊ ወንዝ እዚህ በአንድ እርምጃ ትሻገሩታላችሁ። ነሐሴ ላይ ረግረጉ በሐምራዊ አበባ ይሸፈናል፤ በመካከሉ ጎርስ የሚሉት እሾሃማ ቁጥቋጦ ቢጫ አበባውን ያወጣል። ጋሼ ከሩቅ አይተው “አደይ!” ብለው ነበር። እጃቸውን ሰደድ አድርገው ሲወጋቸው ተስፋ ቆረጡ።

ጊዜ ያለው ሰው ከሳሊ ጋፕ ወደ ግራ ጥቂት ወረድ ብሎ ሎክ ቴይን ከላይ ይይ። የሐይቁ ውሃ ከረግረጉ የተነሣ ጥቁር ነው፤ በአንድ ጫፉ ነጭ አሸዋ ስላለበት አረፋ ያለው ጊነስ ቢራ ይመስላል። ሐይቁ ያለበት ርስት ራሱ ለረጅም ዘመን የቢራው ባለቤቶች የጊነስ ቤተሰብ ነበር። ከዚያ ተመልሳችሁ በግሌንማክናስ ፏፏቴ በኩል ቁልቁል ነው። ቁልቁለቱ ደስ ይላል ብላችሁ ፍሬን አትልቀቁ። በጎች ጠመዝማዛው ላይ ተኝተው ያመሰኳሉ፤ ጡሩንባም ሆነ ጩኸት ግድ አይሰጣቸውም።

እንግዲህ ካፌዋ ጋ በዚህ ሁኔታ ነው የሚደረሰው፤ ጉልበት ተንጠፍጥፎ፣ ካልሲ ውሃ አቁሮ፣ ጣት አልታጠፍ ብሎ።

ቤቱ ጣሪያው ዝቅ ያለ የድንጋይ ቤት ነው፤ ስምንት ጠረጴዛ ቢሆን ነው። በፍልሰታ የሄድን ጊዜ የተቀበሉን ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴትዮ ናቸው። ምን ትፈልጋላችሁ ከማለታቸው በፊት “ጓንታችሁን አምጡ ልጆቼ” አሉ። ጋሼ ልጅ ከተባሉ ስንት ዘመናቸው ነው! ሴትዮዋ አራቱንም ጓንት ጨምቀው ከወጥ ቤቱ ትልቅ የብረት ምድጃ ፊት ካለው ዘንግ ላይ አሰጡት። የሳህን መጥረጊያ ፎጣ በሚሰጣበት ቦታ ማለት ነው። እንፋሎቱ ሲወጣ ከተቀመጥኩበት ይታየኝ ነበር።

ከዚያ ጭንቁ መጣ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ምን አለ ብዬ ጠየቅኩ። “ቪገን ናችሁ?” አሉ። “እስከ ሳምንት ድረስ ነን” አልኳቸው። ሳቁና ወጥ ቤት ገቡ። ይህን ነው የማመሰግናቸው። ብዙ ቦታ “ችግር የለውም” ብለው ያቀርቡና ግማሹን ከበላችሁ በኋላ ቅቤው ይሸታችኋል። እሳቸው ግን ተመልሰው “ሾርባው ቅቤ አለበት፣ ዳቦውም አሬራ ገብቶበታል፣ አልዋሻችሁም” አሉ። ያመጡልን ከነልጣጩ በምድጃ የተጋገረ ትልቅ ድንች ነበር፤ በላዩ ቲማቲም ስጎ ያለው የቆርቆሮ ቦሎቄ ተደፍቶበታል፣ 9 ዩሮ። ስለ ጣዕሙ የምለው ብዙ የለም። ትኩስ ነበር፣ ብዙ ነበር፣ እግሬ እንደገና የራሴ ሆነ።

ቡናው ላይ ግን ዝም ማለት አልችልም። ግድግዳው ላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ “የዛሬው ቡና፦ ኢትዮጵያ፣ ይርጋጨፌ” ተብሎ ተጽፏል፤ አንዱ 4 ዩሮ ከ20። ተራራ ወጥቶ፣ ዝናብ በልቶ፣ የአገሩን ስም ሰሌዳ ላይ ያየ ሰው ምን እንደሚሰማው ታውቁታላችሁ። ሁለት ጥቁር ቡና አዘዝን። ጋሼ አንዴ ፉት አሉና ስኒውን አስቀመጡ። “ይሄ ልጅ ይርጋጨፌን አያውቀውም” አሉ፤ ማሽኑ ጋ የቆመውን ወጣት ማለታቸው ነው። ይርጋጨፌ የአበባና የሎሚ ሽታ ያለው፣ ቀለል ያለ ቡና ነው። የቀረበልን ግን ከሰል ከሰል የሚል፣ ምላስ የሚይዝ ነገር ነው። አቆላሉ ይሁን፣ ማሽኑ ይሁን፣ የከረመ ይሁን አላውቅም። ስሙን ከሰሌዳው ቢያነሡልን ደስ ይለኛል።

ሻይ እዘዙ። አየርላንዳውያን በነፍስ ወከፍ ሻይ በመጠጣት ከዓለም የፊተኞቹ ተርታ ናቸው፣ ሻይም ያውቁበታል። ጠቆር ብሎ፣ በሸክላ ማንቆርቆሪያ፣ ለሁለት ሰው አራት ስኒ የሚሆን ይመጣል፤ 3 ዩሮ ብቻ።

ያን ቀን እየበላን ሳለ ከወጥ ቤት ዳቦ ወጣ። ክብ ነው፤ ቡናማ፤ አናቱ ላይ በቢላ መስቀል ተሰንጥቆበታል። ሽታው እስከ በሩ ደረሰ። ጋሼ ዳቦውን አዩት፣ ድንቹን አዩት፣ “ስንት ቀን ቀረው?” አሉኝ። ስድስት ቀን ነበር የቀረው።

እንቁጣጣሽ እንዳለፈ ቅዳሜ ተመለስን። ይህኛው ቀን መጥፎ ጅማሬ ነበረው። ሴትዮዋ አልነበሩም። ያዘዝነውን የጻፈችው ልጅ ወረቀቱን የት እንደጣለችው እንጃ፣ 40 ደቂቃ ተቀመጥን። ከኛ በኋላ የገቡ ሰዎች በልተው ሲወጡ አየን። ለደረቀ ሰው 40 ደቂቃ ምንም ላይሆን ይችላል፤ የረጠበ ልብስ ለብሶ ለተቀመጠ ግን ብርድ አጥንት ውስጥ የሚገባበት ጊዜ ነው። ይቅርታ የሚል ቃልም አልሰማንም። ሌላው ቅሬታዬ የሳይክል ማቆሚያ ነው። ከደንበኞቻቸው ግማሹ ሳይክለኛ ሆኖ ሳለ ማቆሚያ የሚባል የላቸውም። ጓሮ፣ ከቆሻሻ ገንዳው ጎን፣ ከመስኮት በማይታይ ቦታ ነው የምታቆሙት። ሁለት መቶ ዩሮ የማይሞላ ሳይክል ያለኝ እኔ እንኳ ሁለት ጊዜ ወጥቼ አይቻለሁ።

ከዚያ ዳቦው መጣ፣ ቁጣዬም በረደ።

ሶዳ ብሬድ ይሉታል። እርሾ የለውም፤ አይቦካም፣ አያድርም። የስንዴ ዱቄት፣ ጨው፣ ቤኪንግ ሶዳና አሬራ፣ በቃ። የአሬራው ኮምጣጣነት ከሶዳው ጋር ሲገናኝ አየር ይፈጥራል፤ ዳቦው የሚነፋው በዚያ ነው። ለዚህም ነው ቶሎ ቶሎ ለውሰው ወዲያው ምድጃ ውስጥ የሚከቱት። ብዙ ማሸት ያደነድነዋል። የዚህ አገር ስንዴ ለስላሳ ስለሆነ ለእርሾ ዳቦ ብዙም አይመችም ነበርና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሶዳ ሲመጣ ድሃው ቤት ሁሉ ገባ። አናቱ ላይ ያለውን መስቀል አንዳንዱ ለበረከት ነው ይላል፤ ጋጋሪ ደግሞ መሀሉ እንዲበስል ነው ይላችኋል።

ጋሼ ሁለተኛውን ማብራሪያ አልተቀበሉም። መስቀል ያለበት ዳቦ ፊታቸው ቀርቦ በዝምታ ሊቆርሱ? አማተቡ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ባረኩ፣ በስንጥቁ በኩል በእጃቸው ቆረሱና ፊተኛውን ለኔ ሰጡኝ። አጠገባችን የነበሩት ሁለት ፈረንጆች ማንኪያቸውን እንደያዙ ጠበቁ። ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፣ ሲቆረስ ድምፅ አለው። ውስጡ እርጥብ፣ ከበድ ያለ፣ ትንሽ ኮምጠጥ የሚል። ቅቤው ከጥርስ ጋር እንዲታገል ወፍራም ተደርጎ ተቀብቶበታል፣ ቀለሙም ላሞቹ ከሚግጡት ሣር የተነሣ ደማቅ ቢጫ ነው። ጨው ባይኖረው ለጋ ቅቤ ነው ብዬ እምል ነበር።

ሾርባው ባሮ ሽንኩርትና ድንች ነው፤ ተፈጭቶ እንደ አጥሚት የወፈረ። ከነዳቦው 8 ዩሮ ከ50። ቁንዶ በርበሬ ጨምሩበት፤ ሳይሳሱ የሚያደርጉት ነገር ጨው ብቻ ነው። ጋሼ ከማልያቸው የኋላ ኪስ በላስቲክ የተቋጠረች ሚጥሚጣ አወጡ። አላፈርኩባቸውም፣ ለኔም ጠየቅኩ።

ስኮን የሚሉትን ኬክ መሰል ትንሽ ዳቦ ዝለሉት፤ የትናንት ነበር፣ ጃሙ ነው የሸፈነለት። የአይሪሽ ቁርስ የሚባለውንም ሳትጠይቁ አትዘዙ። ቋሊማውም፣ ራሸር የሚሉት ሥጋም አሳማ ነው። ክቧ ጥቁር ቁራጭ፣ ብላክ ፑዲንግ፣ ከአሳማ ደምና ከእህል የተሠራች ናት። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወገኔ ቢጠነቀቅ ይሻላል። እንቁላልና እንጉዳይ ብቻ አድርጉልኝ ካላችሁ ያደርጋሉ፣ ቅር አይላቸውም።

ከምሳ በኋላ ጉልበት ከተረፋችሁ ግሌንዳሎክ ቅርብ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ኬቨን የመነነበት ሸለቆ ነው፤ 30 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ክብ ግንብ ዛሬም ቆሟል። ቅዱሱ እጁን ዘርግቶ ሲጸልይ ወፍ መዳፉ ላይ ጎጆ ሠርታ እስክትፈለፍል ድረስ አልነቃነቅም አለ ይባላል። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ሳይክሉን አቆሙ። ወፍ ከዓይናቸው እንባ የጠጣችውን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን አስታውሰው “ዘመድ ነው” አሉ፣ ሌላ ማብራሪያ አልፈለጉም።

ለመመለስ በራውንድዉድ በኩል ወደ ብሬይ መውረድ ይቀላል። ከዚያ በዳርት ባቡር ደብሊን መግባት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሳይክል ያስገባሉ። መኪና በግራ እንደሚነዳ አትርሱ፤ ገጠሩ መንገድ ጠባብ፣ አጥሩ ረጅም ነው።

ከአምስት ኮከብ ስንት ትሰጣለህ ብትሉኝ፦ ለዳቦውና ለሾርባው አምስት፣ ለሴትዮዋ አምስት፣ ለቡናው አንድ፤ ያቺንም የሰጠሁት ለሰሌዳው ጽሑፍ ነው። እሳቸው በሌሉበት ቀን አልመለስም።

ጋሼ አንድ ሙሉ ዳቦ በ5 ዩሮ ገዝተው፣ በዝናብ ካፖርታቸው ጠቅልለው፣ ሳይክሉ ላይ በገመድ አሰሩት። ቤታቸው ስንደርስ ጫፉ ተፈርፍሯል። ባለቤታቸው ጥቅሉን ፈተው መስቀሉን አዩ፣ አሸተቱት፣ በጣታቸው አናቱን መታ መታ አደረጉት።

“ድፎ ነው እንዴ?” አሉ። “ኮባው የታለ?”