የማርኮቭ ሰንሰለት መመለሻ ጊዜ፦ በእኩልታ ወይስ በቋሚ ስርጭት?

የማርኮቭ ሰንሰለት ማለት ቀጣዩ እርምጃ አሁን ባሉበት ቦታ ብቻ ተመሥርቶ በዕድል የሚወሰንበት ሂደት ነው። አንድ ሚኒባስ አለ እንበል። ከደብረ ማርቆስም ሆነ ከባሕር ዳር ሲነሳ ሁሌ ወደ ፍኖተ ሰላም ነው የሚሄደው። ከፍኖተ ሰላም ግን በ1/3 ዕድል ወደ ማርቆስ፣ በ2/3 ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። ከማርቆስ ወጥቶ ማርቆስ እስኪመለስ በአማካይ ስንት ጉዞ ይፈጅበታል?

አንደኛው መንገድ በመጀመሪያው እርምጃ እኩልታ መጻፍ ነው። ማርቆስ ለመድረስ ከፍኖተ ሰላም የሚፈጀው ፍ፣ ከባሕር ዳር የሚፈጀው ባ ይሁን። ባ = 1 + ፍ፣ ፍ = 1 + (2/3)ባ። ሲፈታ ፍ 5፣ ባ 6 ይሆናል። ከማርቆስ መውጫው አንድ ጉዞ በፍ ላይ ሲደመር መልሱ 6 ነው።

ሁለተኛው ቋሚ ስርጭቱን፣ ማለትም ሚኒባሱ በረጅም ጊዜ በየከተማው የሚገኝበትን ድርሻ፣ ፈልጎ መገልበጥ ነው። በረጅም ጊዜ ወደ ማርቆስ የሚገባውና ከማርቆስ የሚወጣው እኩል ስለሆነ፣ የባሕር ዳርም እንዲሁ፣ የማርቆስ፣ የፍኖተ ሰላምና የባሕር ዳር ድርሻ 1 ለ 3 ለ 2 ይሆናል። የማርቆስ 1/6፣ ግልባጩ 6። በቃ፣ አለቀ!

መመለሻ ብቻ ከተፈለገ እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው፤ በአንድ ስሌት የፍኖተ ሰላምን 2፣ የባሕር ዳርን 3 ጭምር ይሰጣል። ከባሕር ዳር ማርቆስ ስንት ይፈጃል ከተባለ ግን አንደኛው ይሻላል፣ መልሱ እዚያው ባ ላይ ተቀምጧል። ብቻ ማትሪክሱን (ከከተማ ከተማ የመሄጃ ዕድሎቹን ሰንጠረዥ) ደጋግማችሁ እያባዛችሁ 1/6ን አትጠብቁ፤ ሚኒባሱ ማርቆስ የሚመለሰው በተጋማሽ ቁጥር ጉዞ ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ አይረጋም።