ጤና ጣቢያ ወይስ አማኑኤል? ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትታከሙ

የአእምሮ ሕመም ሲባል ብዙ ሰው ቀጥታ አማኑኤል ይሄዳል። አይፈረድበትም፤ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የነበረው የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ጤና ጣቢያዎች ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ድብርትን፣ ሳይኮሲስን (የሌለ ድምፅ እንደ መስማት ያለ ከእውነታ መራቅን) እና የሚጥል በሽታን ያክማሉ።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ አስቸኳይ ካልሆነ ጤና ጣቢያ ጀምሩ። ቅርብ ነው። ካርድ አውጥታችሁ አግዳሚው ላይ ስትቀመጡ ጎረቤት ቢያያችሁ እንኳ፣ ለሳል ይሁን ለጭንቀት የመጣችሁት አያውቅም። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ስንቱ «አማኑኤል ገባ» እንዳይባል ፈርቶ ቤቱ ቀርቷል! የማኅበረሰብ ጤና መድን ካላችሁም ሪፈር የሚጻፍላችሁ ከዚያው ነው፤ ዘላችሁ ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ጉድለቱ፣ መድኃኒት አንዳንዴ ያልቃል፤ የሠለጠነው ባለሙያም ይቀየራል።

አማኑኤል ስፔሻሊስቶች አሉ፤ ተኝቶ መታከምም ይቻላል። ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ግን ትራንስፖርቱና ማደሪያው ከባድ ነው።

ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ወይም እህል ውሃ እምቢ ያለ ሰው ካለ ግን ምርጫ ውስጥ አትግቡ። ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ ብቻውንም አትተዉት።

የትም ታከሙ፣ የምትወስዱትን ሁሉ ለባለሙያው ንገሩ፤ ጫትም ቢሆን። የድብርት መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል። «ተሻለኝ» ብላችሁ በራሳችሁ አታቁሙ። ጸበል የምትሄዱም ኪኒኑን ይዛችሁ ሂዱ።